ሳልታመም የተጫንሁበት አምቡላንስ

ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የወረድሁት ረፋድ ላይ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትሁ ስወጣ፣ ሌላ ጊዜ በሩ ላይ ተደርድረው መንገደኛ የሚሻሙት ታክሲዎች አንድም የሉም። የጥበቃ ሠራተኛው ግራ መጋባቴን አይቶ፣ «ሾፌሮች አድማ መትተዋል እኮ። ከትናንት ጀምሮ ሚኒባስም የለ፣ ባጃጅም የለ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ ዘር አያያዝ ለገበሬዎች የሚሰጥ ሥልጠና መክፈት ነበረብኝ። አዲስ አበባ ያለችው አለቃዬ ስለ አድማው ሰምታ፣ «ለሌላ ሳምንት ብናደርገው አይሻልም?» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። «የዚያ አገር ልጅ ነኝ፤ መንገድ አላጣም» አልኋት። የተወለድሁት ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው፤ እናቴ የአዊ ሰው ናት። ይህን ሁሉ ቢሮ ውስጥ የማነሣው እንደዚህ ሲጠቅመኝ ብቻ ነበር።

ከማረፊያው በር ላይ ቆሜ የማውቀውን ሰው ሁሉ በስልክ ፈለግሁ። በመጨረሻ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ቡሬ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኗል። ደወልሁለት። እንዳጋጣሚ በሽተኛ አድርሶ ከባሕር ዳር ሊመለስ ሲነሣ አገኘሁት።

«ባዶህን አይደል የምትመለስ?» አልሁት።

«ባዶዬን ነኝ። ግን አምቡላንስ ነው እኮ» አለ። «ሰው ቢያይሽ ምን እላለሁ?»

«ማን ያያል? መንገዱ ጭር ያለ ነው።»

መጣ። ከጎኑ ጋቢና ተቀመጥሁ። እውነትም መንገዱ ጭር ብሏል። መራዊን አለፍን፣ ዳንግላን አለፍን። አልፎ አልፎ ጭነታቸውን ተሸክመው በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች እናገኛለን። ነጩን መኪና ሲያዩ በሽተኛ አለበት ብለው ከአስፋልቱ ወርደው መንገድ ይለቁልናል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲያማትቡ አየሁና ዓይኔን ስልኬ ላይ ተከልሁ።

ከዳንግላ አለፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘነው። የገበያ ቀን ነበረ። አድማ ላይ ያሉት ሾፌሮች ከድንጋዩ ወዲያ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ጓደኛዬ ከሩቅ ሲያያቸው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ሰው ጭነሃል ካሉኝ መኪናውን ያቆሙታል» አለኝ። «ወደ ኋላ ሂጂና ቃሬዛው ላይ ተኚ።»

እሱ ያለኝ ተኚ ብቻ ነው። የቀረውን እኔ ጨመርሁ። ሹራቤን ጠቅልዬ ቀሚሴ ውስጥ ሆዴ ላይ አደረግሁ፤ ነጠላዬን ከላይ ለበስሁ። አምቡላንስ በብዛት የሚመላለሰው ለወላድ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ከሁሉ የሚታመነው ይህ ነው ብዬ አሰብሁ። አሁን ሳስበው ያን ያህል በፍጥነት ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።

የኋላው በር ተከፈተ። አንድ ወጣት ሾፌር ጭንቅላቱን አስገብቶ አየኝ። አቃሰትሁ። ወዲያው ዞሮ፣ «ወላድ ናት። ድንጋዩን አንሡ» ሲል ሰማሁት። ሲሯሯጡ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ከገበያው ሴቶች መጥተው በሩን ከበቡት። «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ጀመር፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስቱ፣ በኋላ ሁሉም። በልጅነቴ ጎረቤት ሴት ስታምጥ እናቴ ደጅ ቆማ እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። በሩ ቶሎ እንዲዘጋ ብቻ ነበር የምመኘው።

በሩ ሳይዘጋ አንዲት እናት፣ «ይህች ልጅ ብቻዋን ናት እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። «እናት የላት፣ እህት የላት? ብቻዋን እንዴት ትወልዳለች?»

ጓደኛዬ፣ «ቡሬ ሰው ይጠብቃታል፣ እናቴ» አላቸው።

«ቡሬ እስክትደርስስ?» አሉና ወደ ኋላ ዞረው ለጓደኛቸው በአዊኛ፣ ድንቹን እዪልኝ፣ ከልጅቱ ጋር ደርሼ እመጣለሁ አሏት። እኔ ሰማኋቸው። አይምጡ ማለት እችል ነበር፤ በገዛ ቋንቋቸው። አላልሁም። ወጡና ከጎኔ ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ፤ ሄድን።

ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ እጃቸው በአፈር የተሰነጣጠቀ ሴት ነበሩ። ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «የመጀመሪያሽ ነው?» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልሁ። «አይዞሽ። እኔ ሰባት ወልጃለሁ። አሁን ሲጨንቅሽ እጄን ጭመቂው። እንዳታፍሪ።»

ጨመቅሁት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጨመቅሁት። በየጥቂት ደቂቃው እያቃሰትሁ የእኒያን እናት እጅ እጨምቅ ነበር። እሳቸውም እያንዳንዱን ጊዜ አብረውኝ ይተነፍሳሉ፤ ላቤን የሚመስላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ላብ ነበረ በእርግጥ፤ የኀፍረት ላብ። ልንገራቸው ብዬ ደጋግሜ አፌን ከፈትሁ። ስከፍት ያመመኝ መስሏቸው፣ «ዝም በይ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺ» ይሉኛል። እኔም ምክንያት እንዳገኘ ሰው ዝም እላለሁ።

እንጅባራን ካለፍን በኋላ፣ «እስቲ ልጁ እንዴት እንደሆነ ልየው» አሉና እጃቸውን ሆዴ ላይ አደረጉ።

እጃቸው ቆመ። አንድ ጊዜ ጫን አደረጉት፤ ሹራቡ ገባ አለ፤ ተመልሶም አልተነፋም። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ። ፊቴን አላዩኝም። ነጠላዬን ሰብስበው እስከ ደረቴ ድረስ አለበሱኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጥቂት ቆይተው፣ «እንግዲህ ምጡ ተወሽ መሰለኝ፣ ልጄ» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ ተቀመጥሁ። «እናቴ፣ እኔ…» ብዬ ጀመርሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሹራቡን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። መንገዱ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ጥሊሊን ካለፍን በኋላ የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። የጤና ኬላ ሠራተኛ ናት። ከዋናው መንገድ ራቅ ካለ ቀበሌ አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት፣ ሰዎች ተሸክመው ወደ አስፋልቱ እያመጧት ነው። ጓደኛዬ በመስታወቱ አየኝና ነዳ።

ደረስን። ስድስት ወንዶች ከእንጨት የተሠራ ቃሬዛ መንገድ ዳር አስቀምጠው ቆመዋል። ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጅ ከሃያ ዓመት አትበልጥም። አትጮኽም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሰማዩን ታያለች። የእሷ ድምፅ እኔ ከማወጣው ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። ጨርሶ ድምፅ አልነበራትም።

በሩ ሲከፈት ሰዎቹ አዩኝ። ከመካከላቸው ሸምገል ያሉት፣ እኔ ከአልጋው ስነሣ ሲያዩ ደንገጥ ብለው፣ «አይነሡ፣ እመቤቴ። እርስዎም ታመው ነው። የእኛይቱን ወለሉ ላይ እናስተኛታለን» አሉ።

ሰውየው የምጥ ሕመም የያዛትን ልጃቸውን ወለል ላይ ሊያስተኙ ነው። ለእኔ ሲሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልሁ በቆምሁበት፣ እኒያ እናት ከእኔ ቀድመው መለሱ።

«አልታመመችም» አሉ። «እኔን ልትሸኝ የመጣች ልጅ ናት። ነይ ውረጂ፣ ልጄ፤ ቦታ ልቀቂላቸው።»

ወረድሁ። ለእኔ ሲሉ ዋሹ፤ ፊታቸው ግን እንደ ድንጋይ ነበር። ልጅቱን አስተኟት። ቅድም የእኔን እጅ እንደያዙት አድርገው የእሷን እጅ ያዙ። «አይዞሽ። እኔ ሰባት ወልጃለሁ» ሲሏት ሰማሁ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ከባሏ ጋር ተጣብቄ ተቀመጥሁ። ባልየው እስከ ቡሬ ድረስ፣ «እግዜር ይስጥልን፤ መኪናውን አጋራችሁን» እያለ ሲመርቀኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ደጃፍ ልጅቱን አወረዷት። እኒያ እናትም አብረው ገቡ። ጓደኛዬ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ፍኖተ ሰላም ላድርስሽ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ግን ዓይኔንም አላየኝም። አይ አልሁት። ውስጥ ገብቼ መጠበቅ፣ እኒያን እናት ይቅርታ መጠየቅ፣ እንዴት እንደሚመለሱም ማሰብ ነበረብኝ። ከዚህ ሁሉ አንዱን አላደረግሁም። ሻንጣዬን ይዤ እዚያው ቡሬ ወዳለው ወንድሜ ቤት ሸሸሁ። ሸሸሁ ከማለት ሌላ ቃል የለውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በፈረስ ጋሪ ሄድሁ። ሆቴሉ ስገባ ልብሴ አቧራ ነበር። ከየገጠሩ በእግራቸው የመጡት ገበሬዎች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አስተባባሪው፣ «እንግዳችን በዚህ አድማ ከባሕር ዳር እዚህ ድረስ ተንገላተው መጥተዋል» ሲል ቆመው አጨበጨቡልኝ። ቁጭ በሉ አላልኋቸውም። አመሰግናለሁ ብዬ ሥልጠናዬን ጀመርሁ።

አድማው ካበቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈቃድ ወስጄ ወደዚያች ከተማ በገበያ ቀን ተመለስሁ። ድንች ከሚሸጡት መካከል አገኘኋቸው። ወዲያው ለዩኝ። አጎንብሼ፣ በተሰባበረ አዊኛዬ፣ በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። መንገድ ላይ ሁሉ ስለማመደው የመጣሁት ነበር፤ ገና ረጅም ነበረ።

እሳቸው ግን አቋረጡኝ። «ተይው፣ ልጄ። እኔ የምጠይቅሽ አለኝ» አሉ በአማርኛ። «ያን ቀን ዘበኞቹ ከሆስፒታሉ ግቢ አስወጡን፤ ሐኪሞቹ ደም ጎድሏታል ብለው ነበር። እኔም በማግስቱ በእግሬ ተመለስሁ። ያች ልጅ እንዴት ሆነች?»

አላውቅም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የራሴን ኀፍረት ሳብሰለስል ከርሜ፣ የልጅቱን ነገር አንድ ቀን አልጠየቅሁም። «አላውቅም» አልኋቸው።

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ላይ ለጓደኛዬ ደወልሁ። እሱ ያውቅ ነበር፤ ሄዶ ጠይቋታል። ሴት ልጅ ወልዳለች። ደም ተሰጥቷት፣ አምስት ቀን ተኝታ፣ ወደ ቤቷ ገብታለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ያለኝን ነገርኋቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ። ከዚያ ድንች ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴት ጠራቻቸውና ወደ እሷ ዞሩ።