ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነቃው ዕቃ ቤት

አሥረኛ ክፍል እያለን፣ ፍኖተ ሰላም በምንማርበት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያውን የምንይዘው ሦስት ሴቶች ነበርን፦ እኔ፣ ዜና አንባቢዋና ጓደኛዬ። ጓደኛዬ ከሰከላ ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ዳዊት በቃሏ የምትደግም ልጅ ናት። የኮምፒውተሩ፣ የኢሜይሉና የፌስቡክ ገጹ የይለፍ ቃል በየደብተራችን ጀርባ ተበታትኖ ነበር። አንዷ ስትቀይረው ሌላዋ ላይ ይቆለፍባታል፤ ከዚያ ጠብ ነው።

የክበቡ ኃላፊ ቲቸር አንድ ቀን ሰልችቶት በየስልካችን ላይ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ካዝና ጫነልን። በአንድ ቁልፍ ይከፈታል። አንዷ የነካችው ነገር ስልኳ ኔትወርክ ሲያገኝ የሁላችንም ላይ ይቀየራል፤ ማን እንደነካውም ከሥሩ ይጽፋል። እኛ “ዕቃ ቤት” አልነው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ። ቁልፉን የመረጠችው ጓደኛዬ ናት፦ “ብፁዕ ብእሲ”፣ የዳዊት መጀመሪያ፣ በላቲን ፊደል ተጽፎ። ማን ይደርስበታል ብለን ኮራን! አባቴ የደብራችን ገበዝ ናቸው፤ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

“ዳዊት የደገመ ሁሉ ቁልፋችሁን ይዟል በይኛ” አሉ።

ጓደኛዬ ለጥምቀት አገሯ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ሰኞ አልመጣችም፣ ማክሰኞም። ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። የተከራየችበት ቤት ሄድን፤ በሯ ተቆልፏል። አከራይዋ “የላኩላት ሽሮ እንኳ እንደተቋጠረ ነው፤ ምን ሰማችሁ ልጆቼ?” አሉን። ምንም አልሰማንም። ቲቸር ደግሞ የብሔራዊ ፈተናው ፎርም የሚዘጋው ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓርብ መሆኑን ተናገረ። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ቀርቦ ይፈርማል። ያልፈረመ አይፈተንም።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ፣ ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ነዘረ። ዕቃ ቤቱ ነው። “የኮምፒውተሩ ቁልፍ ተስተካክሏል” ይላል፤ ከሥሩ የጓደኛዬ ስም። እጄን ሳላደርቅ ከፈትኩት። የይለፍ ቃሉ እንደነበረ ነው። ከበታቹ ግን፣ ማንም ጽፎበት በማያውቀው ባዶ ቦታ፣ አንድ መስመር አለ፦

እዚህ ቤት ሰው እያለ ዝም ይላል።

ደወልኩ። ጠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራ! ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፤ የሚያነሳ የለም። ከሰዓት በኋላ ስሞክር ተመልሶ ጥሪ አይቀበልም።

ሰኞ ለዜና አንባቢዋ አሳየኋት። እሷ ዜና ስታነብ እንኳ የሰው ሆድ የምታባባ ናት፤ አሁን ግን በሹክሹክታ ነው ያነበበችው።

“ሞታ ቢሆንስ?”

“አፍሽን ያዥ!”

“ምን አልኩ? የሞተ ሰው ስልክም እኮ ይጠራል።”

ያን ሳምንት ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ነበር የማስቀምጠው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዕቃ ቤቱ ዝም አለ። ሁለተኛዋ ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ነዘረ። አሁን የተነካው የኢሜይሉ ነው፦

ውሻው አያውቀኝም። ስገባም ስወጣም ይጮኽብኛል።

በራሷ ቤት ውሻው እንዴት አያውቃትም? ነጠላዬን ተከናነብኩ። ፀሐዩ እኮ ግቢው ሙሉ ነው፤ እናቴ አጠገቤ ሽንኩርት ትከትፋለች። ደወልኩ፤ ደግሜ ደወልኩ። በአራተኛው ተነሣ።

“ሀሎ! ሀሎ! ኧረ ይህ ስልክ ጆሮዬን በላው!” የወንድ ድምፅ ነው፤ ከጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

“የልጅቱ ስልክ አይደለም?”

“የምን ልጅ? ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። ግሽ ዓባይ ገበያው ዳር ቻርጅ አድራጊ ነኝ። አንድ ሰውዬ ጧት ሰጥቶኝ ይገባል፤ ገበያ ውሎ ይወስደዋል።”

“ሴት ልጅ አብራው አላዩም?”

“እህቴ፣ እኔ የማውቀው ስልክ ነው። ግድግዳው ሙሉ ተሰክቶልኛል። የሰው ፊት ማየት ከተውኩ ቆየሁ” ብሎ ዘጋው።

ገባኝ። መብራት ከሌለበት የሰከላ ቀበሌ ስልኩ በሰው እጅ ግሽ ዓባይ ገበያ ይወርዳል። እሷ በሳምንቱ ውስጥ የጻፈችው እዚያ ተሰክቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ወደኛ ይመጣል፤ እሷ ግን አብራው አትመጣም። ቃሏ ገበያ ይውላል፣ እሷ የት እንደምትውል አይታወቅም። ይህን መረዳቴ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ አስፈራኝ።

ለቲቸር ደውዬ ነገርኩት። እሱ የፈራው ሌላ ነው።

“ስልኩ በማን እጅ እንዳለ አናውቅም። ቁልፉን ደግሞ የምዕራብ ጎጃም ዲያቆን ሁሉ ያውቀዋል። ሰኞ ይቀየራል።”

“ቲቸር፣ ከቀየርነው እሷ ውጭ ትቀራለች!”

“እሷ መሆኗን በምን አወቅሽ?”

“እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ስጠኝ” አልኩት። “አንድ ሳምንት፤ ከዚያ ወዲያ የለም” አለ።

ስልኩ ገና ተሰክቷል፤ ሰውየው ከገበያ ሳይመለስ ብዬ ተጣደፍኩ። ከውሻው በታች ጻፍኩ፦ “አንች ከሆንሽ ማይኩን የሰበረው ማን ነው? ፎርሙ የሚዘጋው ከሚመጣው ቅዳሜ በኋላ ባለው ዓርብ ነው። የት ነሽ?” እስከዚያ ቀን ድረስ ለድርሰት ፈተና ካልሆነ ጽፌ አላውቅም። እነዚያን ሦስት መስመሮች ግን ስንቴ እንደሰረዝኳቸው! ማን እንደሚያነባቸው አለማወቄ ነው ጣቴን የያዘኝ። እሷ ካልሆነች፣ ለማን ነው የምጽፈው?

ሦስተኛዋ ቅዳሜ ከዜና አንባቢዋ ጋር ሆነን ጠበቅን። ሰዓቱ አለፈ። ቀትር ሆነ። “ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል” እያለች ታጽናናኛለች፤ እውነትም ያኔ መጣ ሄደ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ነዘረ፦

ማይኩን የሰበርሽው አንች፣ የተቀጣሁት እኔ። አክስቴ ቤት ነኝ። ስልኩን መዝሙር እንድሰማበት ሲሰጡኝ ነው የምጽፍ። መልእክቴን ያነባሉ፤ ይህን ግን መክፈት አይችሉም። ዛሬ ሹሩባ ሠሩኝ። የማንን ፀጉር እንደሚሠሩ እንኳ አልነገሩኝም።

ተቃቅፈን ጮህን፣ ሳቅን። ከዚያ የመጨረሻውን ደግመን ስናነበው ሳቁ ቆመ። የሙሽራ ሹሩባ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ሊድሯት ነው።

ለአባቴ ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምረው አነበቡ።

“ይህን እሷ ናት የጻፈችው?”

“አዎ አባባ።”

“ሰው እያለ ዝም ይላል…” አሉና በትራቸውን ፈለጉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቲቸር ጋር ወደ ሰከላ ተሳፈሩ።

እዚያ የሆነውን ቲቸር ነው የነገረን። አባቴ አልተቆጡም። ከልጅቱ አባት ጋር ተቀምጠው፣ ጠላውን ቀምሰው፣ “ያጠመቋት ቄስ ደኅና ናቸው?” ብለው ጠየቁ። “ደኅና ናቸው” አሏቸው። “እንግዲያ ዕድሜዋን አልረሱም። ሠርጉን የሚባርኩትም እሳቸው ናቸው?” ይህን ብቻ ጠይቀው በትራቸውን ይዘው ተነሡ። እስከ ረቡዕ ድረስ ሽማግሌ ሲመላለስ ከረመና ሠርጉ ቀረ።

ሐሙስ ጓደኛዬ ከአውቶብስ ወረደች። ሹሩባዋ እንዳለ ነው፤ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ዓርብ ፎርሙ ላይ ፈረመች። ስትፈርም ስሟን ሁለት ጊዜ አየችው።

ከዚያ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ስልኳን አወጣች። ዕቃ ቤቱን ስልኬ ላይ ከፍቼ ይዤ ነበርና አየሁት። የሹሩባው መስመር ጠፋ። አልነካሁም፤ ጣቴ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ውሻው ጠፋ፣ ከእኔ ጥያቄ ጋር። አንገቴን ቀና ባደርግ ወደ ስልኳ አቀርቅራለች።

“አንዱን እንኳ ተይው” አልኳት።

“ለምን?”

እጄ ላይ “እዚህ ቤት ሰው እያለ ዝም ይላል” የሚለው ጥቂት ቆየ፤ ቀጥሎ ቦታው ባዶ ሆነ፣ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ብቻ ቀረ።