ጎራዴው የተመዘዘበት ቅዳሜ

ስልኬ ሲጮኽ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የደወሉት ጋሼ ናቸው፤ የእማዬ ታላቅ ወንድም። ቅዳሜ ነው፤ ምሳ ገና አልደረሰም።

«እናትህ አጠገብህ ናት?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ጃኬትህን ልበስና ወደ ውጭ ውጣ። ቆሻሻ ልጥል ነው በላት።»

ቆሻሻውን ይዤ ወጣሁ። ከቤታችን ጀርባ ያለው መተላለፊያ በረዶው በመኪና ተረግጦ መስታወት ሆኗል። እዚያ እንደቆምኩ ነገሩኝ። ወንድሜ ጠዋት ከኦኮቶክስ ከተማ ወደዚህ ወደ ካልጋሪ ሲመለስ መኪናው ተንሸራቶ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል አልደረሰም። መኪናው የተመዘገበው በጋሼ ስም ስለሆነ ፖሊሶቹ የሄዱት እሳቸው ቤት ነው።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ። እስካሁን አልለመድኩትም።

«አሁን ስማኝ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ደርቋል። «አትነግራትም።»

«ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ…»

«አትነግራትም አልኩህ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። የንስሐ አባታችንን ይዤ፣ ጓደኞቿን ሴቶቹን ይዤ እመጣለሁ። የደም ግፊቷን ታውቃለህ። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ብትወድቅ ምን ታደርጋለህ?»

ቆሻሻውን በርሜሉ ውስጥ ጣልኩት።

«በደንቡ ቢሆን ነገ ንጋት ላይ ነበር የሚነገራት። እዚህ ሀገር ግን እስከ ንጋት የሚቆይ ወሬ የለም። አባ ታክሲ እየነዱ ነው፤ ሴቶቹም ሺፍት ላይ ናቸው። ሲወጡ እየዞርኩ ሰብስቤያቸው አመሻሽ ላይ እንደርሳለን። እስከዚያ ስልኳን ደብቅ። ቴሌቪዥን ክፈትላት። ደግሞ እንዳታለቅስ፤ ዓይንህ ካበጠ ታውቃለች።»

ስልኩን ዘጉ። ጎንበስ ብዬ በረዶ ዘገንኩና ፊቴን አሸሁበት። ከቀላ ብርዱ ነው እላለሁ ብዬ።

ስገባ እማዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ።»

«አሁን ነቀልኩት እኮ።»

«አፕዴት ይፈልጋል።»

አፕዴት ስትሰማ ትተወዋለች። እንዲህ ያለው ነገር የእኔና የወንድሜ ሥራ ነው። ስልኩን አጥፍቼ በፎጣዎቹ መሃል ከተትኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን አብረን የምናየው ተከታታይ አኒሜሽን ነበር። እማዬ «የጎራዴው» ትለዋለች። ታሪኩ የድሮ ነው። አንድ የሳሙራይ ቤተሰብ ጎተራ ውስጥ የቆለፈበት ጎራዴ አለ። ጎራዴው የተረገመ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ከሰገባው የሚመዘው ሰው ራሱ ምንም አይሆንም፤ የሚሞተው ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ሰገባው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማን መዘዘው? አንዲት ልጅና አንድ ዓይና ጠባቂ ይህን ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይወጣል።

እማዬ ለሥራዋ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላት። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ ግን አትደርስበትም። የሚተረጉምላት ወንድሜ ነበር። ትርጉም ከተባለ። ሁለት ሳሙራዮች ጎራዴ መዝዘው በረዶ ላይ ሲፋጠጡ፣ «ጌታው፣ ፓርኪንጉን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ» ይላል ድምፁን አወፍሮ። እማዬ ትስቃለች። ከዚያ «ቀልዱን ተወውና ያለውን ንገረኝ» ትላለች። እሷ ሌባው አጭሩ አሽከር ነው ባይ ናት። «ዓይኑን አታየውም? አይረጋም እኮ።» ወንድሜ ደግሞ የጌታው ወንድም ነው ይላል። ይከራከራሉ። እኔ አልገባም። ወደዚህ ስንመጣ ልጅ ስለነበርኩ አማርኛዬ ከሁለቱም ያንሳል። መስማት ይሻለኝ ነበር።

ምሳ ቀረበ። የወንድሜን ድርሻ አስቀርታ ከደነችው።

«እስቲ ደውልለት። የጎራዴው ሳይጀምር እደርሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

ስልኬን አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። አልደወልኩም። ግን ይዤው ጠበቅኩ፤ የሚያነሳ ይመስል።

«አያነሳም» አልኩ።

«እየነዳ ነው ማለት ነው። እየነዳህ እንዳታነሳ ብዬዋለሁ።» ምክሯን በመስማቱ ደስ አላት። እንጀራውን ቆርሳ አጎረሰችኝ። ዋጥኩት።

ከምሳ በኋላ የወንድሜ ጓደኞች ሰሙ። ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሶፋው ትራስ ስር ስከተው ሶፋው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ይኼ ሁሉ የሴት ልጅ ነው?» አለች እማዬ።

«አይ፣ ግሩፕ ቻት ነው።»

«ግሩፕ ቆንጆ ናት?»

ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ሰዓቱ አልሄድ አለ። እማዬ በመስኮቱ አየችና «በረዶው ነው ያዘገየው» አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና አየች። ሦስተኛ ጊዜ ልትነሳ ስትል ቶሎ ብዬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት።

«እሱን አንጠብቅም?»

«ሲመጣ ድጋሚ ያየዋል።»

«ይቆጣሃል» አለች፤ ግን እግሯን ሶፋው ላይ አጥፋ ተቀመጠች። «በል እንግዲህ፣ ዛሬ አንተ ነህ።»

ጀመረ። ጠባቂው ጎተራው በር ላይ ቆሞ ይናገራል።

«እ… በሩ፣ ምን ይባላል፣ ክፍት ነበር ነው የሚለው።»

«ማን ከፈተው?»

«አልተናገረም።»

«ምነው እንደ ዜና ታነበዋለህ? እንደ ወንድምህ አድርገህ ንገረኝ እንጂ።»

ሞከርኩ። ድምፄን ላወፍር ስል መሃል ላይ ተሰበረብኝ። ሳልኩ። ውሃ ጠጣሁ።

ያን ቀን የወጣው ክፍል ሌላ ቢሆን ምን ነበረበት። ገና ሲጀምር የቤቱ ሰዎች ሁሉ የሆነ ነገር ሰምተዋል። የቤቱ እመቤት ስታልፍ ሠራተኞቹ ዝም ይላሉ። አንዷ ሻይ ስትቀዳላት እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ እጆቼን ከጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

«እነዚህ የሆነ ነገር ደብቀዋታል» አለች እማዬ።

ማጥፋት ፈለግኩ። ብዘጋው ለምን ትለኛለች፤ ብተወው ደግሞ የሚመጣው ይታየኛል። ሪሞቱ ከእሷ ጉልበት አጠገብ ነበር።

አንድ መልእክተኛ በፈረስ መጣ። በሩ ላይ ተንበረከከ። እመቤቲቱ ወጣች። ከታች ጽሑፉ መጣ፤ ነጭ፣ አጭር፤ ልጅሽ ድልድዩ ስር ሞቶ ተገኘ የሚል።

«ምን አላት?»

«ልጅሽ… ድልድዩ ጋ ነው አላት።»

እመቤቲቱ የያዘችው ገበታ ከእጇ ወደቀ። በጉልበቷ ተደፋች።

«ድልድይ ጋ ነው ስላሏት ነው የምትወድቀው?» አለች እማዬ።

«ማለት… ቆስሏል።»

«ቆስሏል ብለው ነው ነጭ ጨርቅ የሚያመጡት?» ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እየገቡ ነበር። «ሞቷል እኮ። እኔ ማንበቡ ነው እንጂ ማየቱ መቼ ያቅተኛል? ለምን ታሳንስብኛለህ?»

«በደንብ አልገባኝም ነበር።»

«እንግሊዝኛ አልገባህም?»

ሪሞቱን አንስታ አቆመችው። እመቤቲቱ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እማዬ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን አላየችም። የምታየው እኔን ነው። ፊቴን፣ ከዚያ ከጭኔ ስር ያሉትን እጆቼን።

«ስልኬን ስጠኝ።»

«አፕዴቱ አላለቀም።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

አልተነሳሁም። ያኔ ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ቀስ ተብሎ ነው የተዘጋው። ከዚያ ሌላ፣ እሱም ቀስ ተብሎ። ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከኋላዋ ቆምኩ። መኪኖቹ ከቤታችን ራቅ ብለው ቆመዋል። ጋሼ አሉ፤ አባም አሉ። ሦስት ሴቶች ከወፍራም ጃኬታቸው በላይ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነበር። ማንም አይነጋገርም።

እማዬ ይህን ሥራ ታውቀዋለች። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስለምትሠራና ግፊት መለካት ስለምትችል ለሰው መርዶ ሲነገር ይዘዋት ይሄዳሉ። መኪና ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በር አትወርውሩ፣ ደጅ ላይ አታውሩ እያለች በስልክ ስታዝዝ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ።

መጋረጃውን ለቀቀችው።

«ከእነሱ አልሰማም» አለች። «አንተ ንገረኝ።»

«እማዬ…»

«ሳይገቡ ንገረኝ።»

«መንገዱ በረዶ ነበር፤ ከኦኮቶክስ ሲመጣ መኪናው…»

«ስለ መንገዱ አልጠየቅሁህም።»

«ሞቷል» አልኩ። አርፏል ይባላል፤ አውቀዋለሁ። አልመጣልኝም።

አልጮኸችም። የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«ቆሻሻ ልጥል ስወጣ።»

«ከምሳ በፊት?»

«አዎ።»

«ሳጎርስህ ታውቅ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ብቻህን?» አለች። «ይህን ሁሉ ሰዓት አጠገቤ ብቻህን?»

የበሩ ደወል ጮኸ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። እጇን አንስታ ጉንጬን ነካችው፤ መዳፏ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። ከዚያ ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ። ይዣት አብሬያት ወለሉ ላይ ወረድኩ። ያኔ ነው የጮኸችው። ውጭ ያሉት ሴቶች ድምፅዋን ሰምተው በሩ ሳይከፈትላቸው ማልቀስ ጀመሩ። የጎረቤት ውሻ ይጮኽ ነበር።

በጉልበቴ እየዳህኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ጋሼ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«ነገርካት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምን ብዬህ ነበር? ምን ብዬህ…»

«እኔ ነኝ ንገረኝ ያልኩት» አለች እማዬ ከወለሉ ላይ። ድምፅዋ ወዲያው ጎርንኗል። «እሱን አትናገሩብኝ።»

ሴቶቹ አልፈውኝ ወደ እሷ ሮጡ። አንዷ ውሃ ይዛለች፤ ሌላዋ የግፊት መለኪያውን እያወጣች ነው። እማዬ በእጇ መለሰቻቸው።

«እሱን ያዙልኝ» አለች። «መጀመሪያ እሱን። ቀኑን ሙሉ አላለቀሰም።»

አንዷ ተመለሰች። ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር የሚኖሩት፣ እማዬ እንደ እህት የምታያቸው ሴትዮ ናቸው። ከነጃኬታቸው አቀፉኝ። ጃኬታቸው ላይ ያለው በረዶ አንገቴ ላይ ቀለጠ። «በል አልቅስ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ «አሁን አልቅስ።» መጀመሪያ አልወጣ አለኝ። ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ፤ እንደ ሕፃን። ከዚያ ወጣ።