ያልተመለሰው ጥየቃ

ወይዘሮ ማህለቃ አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጠዋት ሻያቸውን በቁራጭ ስኳር ይጠጣሉ፤ በኢራኗ የያዝድ ከተማ የጭቃ ግንቦች መካከል በእግራቸው ወደ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያቀናሉ፤ እስከ ቀትር የፋርስኛ ሰዋስው ያስተምራሉ፤ ምሳ በልተው ጋደም ይላሉ። በዚህ ኑሯቸው ደስተኛ ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ ሕይወት ይኖራል ብለውም አያምኑም።

የአዲስ ዓመቱ በዓል አልቆ ትምህርት በተከፈተ ማግስት፣ ሊደረግ ሲገባው ሳይደረግ የቀረ ነገር እንዴት እንደሚነገር አስተማሩ። «ባያድ»፣ ማለትም «ይገባል»፣ የምትለው ቃል ለዛሬም ለትናንትም አትለወጥም፤ ጊዜውን የሚለየው ተከትሏት የሚመጣው ግሥ ነው። ይህን አስረድተው ምሳሌ ጠየቁ።

«ለፈተናው ማጥናት ነበረብኝ!» አለች ሰማነ፣ ክፍሉን ማሳቅ የማይሰለቻት ልጅ። «የእርስዎስ፣ ኻኑም ማህለቃ? ወይስ እርስዎ ምንም አልቀረብዎትም?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉና ሳያስቡት፣ «ገውሃርን መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ።

ገውሃር የታናሽ ወንድማቸው ሚስት ናት። በአዲስ ዓመት ታናሽ ቀድሞ ታላቁን ይጠይቃል፤ ታላቅም እስከ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጥየቃውን ይመልሳል። አምና ገውሃር ልጆቿን አስከትላ መጥታ ነበር። ወይዘሮ ማህለቃ ግን ዛሬ ነገ ሲሉ ቀኑ አለፈባቸው። ዘንድሮ ገውሃር ቀረች። ወንድማቸውም በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ዘጋ። ሌላ ወንድም የላቸውም።

በምሳ ሰዓት ነገሩን ለባላቸው ለኤስፋንድያር አነሱላቸው።

«ታዲያ ሂጂያ» አሉ ባል፣ ከሩዛቸው ቀና ሳይሉ።

«እኔ ታላቋ፣ ቀድሜ? ያውም ቀኑ ካለፈ በኋላ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ አምና ብሎ ጨርሷል። ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አፍህ መቼም አያርፍ!»

«ሩዙን ጨምሪልኝ፤ ያርፋል።»

ወይዘሮ ማህለቃ ሩዙን ጨመሩላቸው። የዚያን ቀን ግን ጋደም ቢሉም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለውዝ የተሞላ ጣፋጭ አንድ ካርቶን ገዙ። ሐሙስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ በሚያይበት ሰዓት፣ ታላቅነታቸውን ትተው ቀድመው ሊሄዱ፤ ገውሃር በሯን ባትከፍት እንኳ ዓርብ ተመልሰው ሊያንኳኩ ቆረጡ።