ድልድዩ ቦታ የለወጠበት ሰመር

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የጋራ ምሳ ነበራት። ጋሽ ተፈራ ሳህናቸውን ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጡ ከተባለ በኋላም አልፎ አልፎ ይነዳሉ። ወደ ሰሜን የሚሄዱበት የገጠር ድልድይ አርጅቶ ከባድ መኪና አይለፍበት ስለተባለ ዙሪያ ጥምጥም እየሄዱ ነው።

"አፍርሰው አዲስ ሊሠሩ ነው፤ እሺ ይሥሩ" አሉ። "ግን መጀመሪያ አርኪዮሎጂስት መጥቶ አፈሩን ካላየ አይነካም ይላሉ። ማለቴ፣ እዚህ ምን ይገኛል ብለው ነው? ላሊበላ መሰላቸው እንዴ?"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድ ሰመር እንደዚያ ያለ አፈር ስቆፍር ከርሜያለሁ" አልኳቸው። አላመኑኝም። ሰው የሚያውቀኝ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር ነው፤ አካፋ ይዤ ሊያስበኝ የሚችል የለም። በአጭሩ ነገርኳቸውና ወደ ሌላ ወሬ ዞርን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ያኔ ያሠራችኝ አርኪዮሎጂስት ዶክተር ሩት ከነሰፊ የሣር ባርኔጣዋ ከፊቴ አልጠፋ አለች።

የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዐሥር ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ የቤንዚን ዋጋ ሰማይ የነካበት ሰመር ነበር። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር፤ የምኖረው ከኤርፖርት ታክሲ ከሚነዳው ወንድሜ ከዮናስ ጋር ነው። ለክረዲት ማሟያ ብዬ የወሰድኩት የአርኪዮሎጂ ትምህርት ሳላስበው ወደድኩት፤ መምህሩም የገጠር ድልድይ የሚቀየርበት ቦታ ላይ በቁፋሮ የሚረዳ ሰው እንደሚፈለግ ነገረኝ። የመንግሥት ገንዘብ የሚገባበት መንገድ ወይም ድልድይ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ውስጥ የቆየ ነገር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ዮናስ ሲሰማ ሻዩን አስቀመጠ።

"አፈር ልትቆፍሪ? ሐኒ፣ ጆብ ከሆነ ችግሩ ዌርሃውስ አስገባሻለሁ እኮ። ቢያንስ ጣሪያ አለው።"

"ለአንድ ሰመር ነው።"

"ኦኬ፣ ኦኬ። ግን ማሚን ኮል ስታደርጊ ኦፊስ ነው የምሠራው በያት።"

አርሊንግተን ውስጥ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው፤ ባቡር የለ፣ አውቶቡስ የለ። ስለዚህ ዶክተር ሩት ራሷ በአቧራ በተለበጠ ፒክአፗ ጎህ ሲቀድ መጥታ ትወስደኝ ነበር። ስልሳን የተሻገረች፣ ከምዕራብ ቴክሳስ የመጣች ቀጭን ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን "ዶክተር" ስላት "ሩት በይኝ" አለች፤ አፌ እሺ ቢልም በልቤ አንቱ እንዳልኳት ቀረሁ። መንገድ ላይ ካለ ቤንዚን ማደያ እንቁላልና ድንች የተጠቀለለበት ቶርቲያ ትገዛልን ነበር። ከጎኑ የሚሰጡት አረንጓዴ ማባያ ከዳጣ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ያን ጣዕም ሳገኝ የማለዳው ብርሃን በመስኮት ሲገባ ይታየኛል፦ ሰፋፊ የድርቆሽ ማሳዎች፣ ጥቋቁር ከብቶች፣ ከዚያ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ጎማ ሥር መንኳኳት ሲጀምር።

ድልድዩ ብረቱ የዛገ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። ከሥሩ ቡናማ ውሃ የያዘ ወንዝ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ፒካን የሚሉት ባለ ለውዝ ዛፍ። ሙቀቱ ከረፋዱ ጀምሮ አናት ይበሳል፤ ትንኙ፣ እንደ እሳት የሚለበልበው ጉንዳን፣ ዛፍ ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ የሚጮኹት ነፍሳት። ሥራችን ቀላልና አድካሚ ነበር። አዲሱ መንገድ በሚያልፍበት መስመር ላይ እየተራራቅን ትናንሽ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ አፈሩን በሽቦ ወንፊት እንነፋለን፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን እናያለን። መጀመሪያ ያገኘሁትን የጠርሙስ ስባሪ እየሮጥኩ ወስጄ ሳሳያት ወደ ፀሐይ አንስታ አየችውና፣ "የቢራ ነው፤ ምናልባት ካንቺም በዕድሜ ያንሳል" አለችኝ። ግን አልጣለችውም።

አንድ ቀን ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት ባለቤት ሚስተር ዌይን ፒክአፑን ድልድዩ አፍ ላይ አቁሞ ወረደ። ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ከፀሐይ የቀላ ሰው ነው።

"እስካሁን ምን አገኛችሁ?"

"ሚስማር" አለች ሩት።

"ሚስማር ከሆነ እኔ ጎተራ ውስጥ ባልዲ ሙሉ አለ።" ማዶውን በእጁ አሳየ። "በጥር ሚስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። አምቡላንሱ እዚያ ማዶ ደረሰ፤ መብራቱ ይታየኝ ነበር። ድልድዩ አይችለኝም ብሎ ተመለሰ። በሌላ መንገድ ዞሮ እስኪመጣ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ዛሬ በቀኝ እጇ ማንኪያ አታነሳም። እናንተ ግን ሚስማር ትለቅማላችሁ።"

እኔ ወንፊቱን አስቀምጬ ወደ ሩት አየሁ። ስለ ሕጉ የምትነግረው መስሎኝ ነበር። ሩት ግን ባርኔጣዋን አወለቀች።

"እውነትህን ነው። ይሄ ድልድይ መቀየር አለበት" አለችው። ቀጥላም፣ "ባለቤትህን ማየት እችላለሁ?"

ሰውየው ግራ ገባው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን። ባለቤቱ ሚስስ ዶርቲ ግማሽ ፊቷ የማይንቀሳቀስ፣ ዓይኗ ግን ሙሉ ለሙሉ የነቃ ሴት ነበረች። ቀዝቃዛ ሐብሐብ አስቀረበችልን። ሩት ስለ ሥራችን በዝርዝር አጫወተቻት፤ ዶርቲ አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ለማገናኘት ስትቸገር አልቀደመቻትም፣ አልጨረሰችላትም፣ ጠበቀቻት። በመጨረሻ ዶርቲ፣ "ቶሎ... ጨርሱ" አለች። ስንመለስ ሩት መኪናው ውስጥ፣ "የኛ መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ቁጭ ብዬ ማየት ነበረብኝ" አለችኝ።

ያኔ ያልገባኝ፣ እሷ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይዛ መክረሟ ነው። ምሽት ምሽት ፎርት ወርዝ ወዳሉ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት እየደወለች፣ ዘመዶቹ በዚያ ወንዝ ዳር ያረሱ ሰው ካለ ትጠይቅ ነበር። ከባርነት የወጡ ሰዎች አንድ ጊዜ እዚያ መንደር መሥርተው እንደነበር ሰምታለች፤ ካርታ ላይ ግን ምንም የለም። በመጨረሻ ሚስ ኦፓል የሚባሉ አሮጊት ተገኙ። የእህታቸው ልጅ ይዟቸው መጣ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ።

"እዚህ ይመስለኛል..." አሉና ቆሙ። "ወይስ ከዚያ ወዲያ? ያኔ ትልቅ ዛፍ ነበረ። አባቴ ሕፃን ወንድሜን በጣውላ ሣጥን ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ቀሚሴን እሾህ እየያዘኝ ከኋላ። ከዚያ ሰዉ ወደ ከተማ ፈለሰ፣ መሬቱም ተሸጠ። መስቀሎቹ እንጨት ነበሩ።" ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ልጄ፣ ልርዳሽ ብዬ መጥቼ ግራ አጋባሁሽ።"

"አላጋቡኝም" አለቻቸው ሩት፤ ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ጥላ ወሰደቻቸው።

ጉድጓዶቻችን አለቁ። በውሉ የተጠየቅነውን ሁሉ ቆፍረናል፤ ከሚስማርና ከጠርሙስ በቀር የተገኘ የለም። የመጨረሻው ቀን ዕቃ ስንሰበስብ ሩትን ከቁጥቋጦው ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ በእጇ ታሻሻለች።

"ይሄን ጫካ አያበቅለውም" አለች። "ሰው ነው የተከለው። ድንጋይ ማስቀረጽ ያልቻለ ሰው መቃብር ላይ ይተክለው ነበር፤ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ስለሆነ።"

ወዲያው ስልኳን አውጥታ ወደ ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ኃላፊ ድምፅ እኔ ዘንድ ይሰማል፤ ጉድጓዶቹ ባዶ ከሆኑ ምንም አልተገኘም ብላ መላክ እንደምትችል ይነግራታል።

"እችላለሁ" አለች ሩት። "ማንም አይጠይቀኝም። ግን ምንም የለም ብዬ አላምንም። አንድ ሳምንት ብቻ ጨምሩልኝ፤ አፈር የሚገፍፍ ማሽንም እፈልጋለሁ።" ስልኩን ዘግታ በቀጥታ የሄደችው ወደ ሚስተር ዌይን ነው፤ የምትዘገይበትን ምክንያት ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለገችም። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷት፣ "አንድ ሳምንት" ብቻ ብሎ ዘጋው።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ምሽት ትልቅ ነጎድጓድ መጥቶ ዝናቡን አወረደው። ሥራው ቀረ ብዬ ነበር፤ ሩት ግን ጠዋት ስትመጣ ፊቷ በርቷል። እርጥብ አፈር ቀለሙን አይደብቅም፤ አንዴ ተቆፍሮ የተመለሰው ጠቆር ብሎ ይለያል አለችኝ። የማሽኑ ነጂ ቁጥቋጦውን ካነሳ በኋላ ቀዩን አሸዋማ አፈር ስስ ስስ አድርጎ መግፈፍ ጀመረ፤ እሷ ከማሽኑ አካፋ ጎን እጇን አንስታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አብራው ትራመዳለች። እስከ ቀትር ምንም የለም። ሚስተር ዌይን ከአጥሩ ማዶ ክንዱን አጣጥፎ ያየናል። እኔ ለሩት አፈርኩላት፤ የተሳሳተች መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ድንገት ጡጫዋን ጨበጠች። ማሽኑ ቆመ። ቀዩ አፈር መካከል ጠቆር ያለ ነገር ይታያል፤ እኔ ብቻዬን ብሆን የእርጥበት ጥላ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

"ነይ፣ አንቺ አጽጂው" ብላ የራሷን ትንሽ የግንበኛ ማንካ ሰጠችኝ።

ተንበርክኬ አፈሩን በቀስታ መፋቅ ጀመርኩ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ማዕዘን፤ ከዚያ ሌላ ማዕዘን። ቦታው ጠባብና አጭር ነበር፤ ትልቅ ሰው የሚያስተኛ አይደለም። እጄ በራሱ ቆመ። እስከ ማምሻው ድረስ ከጎኑ ሌሎችም ታዩ፤ ረጃጅም፣ አጫጭር፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ ያደረጉ። ከዚያ በታች አንድ ጣት አልቆፈርንም። ዳር ዳራቸውን ብቻ በነጭ ክር ከለልን።

ቀና ስል ሚስተር ዌይን አጥሩን ተሻግሮ አጠገቤ ቆሟል፤ ባርኔጣው በእጁ ነው።

"ይሄ ትንሹ... ሕፃን ነው?"

"ይመስለኛል" አለች ሩት።

በማግሥቱ ሚስ ኦፓልን አመጣናቸው። ክሮቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና፣ "የትኛው ነው የኔ ወንድም?" አሏት። ከትናንሾቹ ወደ አንዱ ብታመለክት ደስ ብሏቸው በሄዱ ነበር፤ እኔ ብሆን አመለክት ነበር። ሩት ግን እጃቸውን ይዛ፣ "አላውቅም። ልዋሽዎት አልፈልግም" አለቻቸው።

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ወገባቸውን አቀኑ።

"እንግዲያው ሁሉም የኔ ናቸው" አሉ።

ግን ድልድዩስ? መንገዱ በታቀደበት ቦታ መሄድ አይችልም። መቃብሮቹን ማንሳት ደግሞ ዘመድ ማፈላለግ አለው፣ ፍርድ ቤት አለው፤ ዶርቲ በረንዳዋ ላይ ስንት ጥር ልትጠብቅ ነው? የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ድልድዩን በወንዙ ቁልቁል ማሸሽ። ያ ደግሞ በሚስተር ዌይን ምርጥ የድርቆሽ ማሳ መካከል ያልፋል። ሩት ይህን ልትለምነው ቃላት እየመረጠች ወደ እሱ ስትሄድ እኔም ተከተልኳት። አፏን ሳትከፍት ቀደማት።

"ከማሳዬ ምን ያህል ትፈልጋላችሁ?"

አሳየችው። ማሳውን አየ፣ ክሮቹን አየ።

"ዕድሜዬን ሙሉ እስከዚህ አጥር ድረስ ሣር አጭጃለሁ" አለ። "እዚህ ሰው እንዳለ የነገረኝ የለም። ውሰዱት። ብቻ፣ ዶክተር፣ አፍጥኑልኝ።"

ሩት አፈጠነችለት። ሪፖርቱን ከቢሮ ቢሮ ራሷ እያዞረች፣ መሐንዲሶቹን በስልክ እየነዘነዘች፣ እኔ ትምህርት ስጀምር እንኳ አላቆመችም። አዲሱ ድልድይ ተሠርቶ የተከፈተ ዕለት ከዮናስ መኪና ወርጄ ከእሷ ጎን ቆምኩ። የመጀመሪያው መኪና የሚስተር ዌይን ነበር፤ ዶርቲ ከጎኑ ተቀምጣ ግራ እጇን በመስኮት አውጥታ አውለበለበችልን። ከወዲያ፣ በአጥር ተከልሎ ሣሩ በታጨደው የመቃብር ቦታ፣ ሚስ ኦፓልና የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ይዘምሩ ነበር። ዮናስ እንኳ፣ ያን ሁሉ ያሾፈብኝ ሰው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ሩት ጥቂት ዓመት ሠርታ ወደ አገሯ ወደ ምዕራብ ተመለሰች፤ እዚያው አረፈች። አርኪዮሎጂስት አልሆንኩም። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሽኑ "የለም" የሚል ውጤት ሲሰጠኝና የሕመምተኛው ምልክት ሌላ ሲናገር፣ ልቤ ካላመነ እንደገና እሠራዋለሁ፤ ማንም አይጠይቀኝም፣ ግን እሠራዋለሁ። በዚያው ልክ ደግሞ ውጤቱን የሚጠብቅ ሰው አልጋ ላይ እንዳለ አልረሳም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘች ሰው በወጣትነቴ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

በሚያዝያ ለሥራ ወደዚያ አካባቢ ሄጄ ነበር። ድልድዩ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም፤ ኮንክሪት ነው፣ ሰው ሳያየው የሚያልፈው። እዚያ ስደርስ መኪናውን ቀስ አደረግሁ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋብኝ። ለይቅርታ እጄን አነሳሁለትና፣ ሳልፈጥን ተሻገርኩ።