ለንደን ላይ የጠፋው ዱዓ

ትናንት ከሰዓት እዚህ ሳን ሆዜ አካባቢ፣ ከቴሜስካል ወደ ፕሌዘንተን አንድ እንግሊዛዊ ጭኜ ነበር። ገና ቀበቶውን ሳያስር ከእናቱ ጋር በስልክ ጭቅጭቅ ጀመረ... ስፒከሩን ከፍቶ፣ እኔ መኪናው ውስጥ የሌለሁ ይመስል።

ሹፌር ሁሉን ይሰማል፣ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ይነዳል። ሥራችን ነው። ትናንት ግን ጆሮዬን ብቻ ሳይሆን ልቤንም ነበር የሰጠኋቸው። የሚጨቃጨቁት እንቅልፍ በነሳኝ ጉዳይ ነዋ። የእንግሊዝ መንግሥት የስልክ ካምፓኒውን፣ ሰዎች ስልካቸው ላይ ቆልፈው ያስቀመጡትን ፎቶና ድምፅ ክፈትልኝ ስላለው ነገር።

«የእኔን ሰምተው ምን ሊሆናቸው?» ይላሉ እናትየው ከእንግሊዝ። «የጉልበቴን ሕመም ይስሙ። እኔ መንገዱ ላይ ያለው ካሜራ ሁሉ ደስ ነው የሚለኝ። ብወድቅ የሚያየኝ አለ።»

«የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የለም» ብሎ ጮኸባቸውና ዘጋው።

እስቲ ለምን እንደሚያቃጥለኝ ልንገራችሁ።

አባባ በቅርቡ ደሴ ላይ አርፎ ወደ አኼራ ሄዷል። ሊሄድ ሲል ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ብደውል ብደውል አይገባም። አንድ ጊዜ ብቻ ለታናሽ እህቴ ለዘይነባ ገባላት፣ ዘይኑ ነው የምንላት፣ ለንደን ነው የምትኖረው። አባባ በዚያች ስልክ የመጨረሻ ዱዓውን አደረገ። የእኔንም ስም ጠርቶ፣ ለብቻዬ። እሷም ቀዳችው።

«ላኪልኝ» አልኳት በማግሥቱ።

«በዚህማ አይላክም ወንድምዓለም። የሰው ስም ጠርቷል፣ እዚያ አካባቢ ስላለው ነገርም ተናግሯል። በሰመር ስመጣ ራሴ አሰማሃለሁ።»

አልተቆጣኋትም። ያደግነው እንዲህ ነው። «ስልክ ላይ ስም አይጠራም» እያለ ያሳደገን ራሱ አባባ ነው። አጎታችን በስልክ ባወራው ወሬ ሲታሰር ያየን ልጆች ነን። ለንደን ብትገባም ያው ናት። የመኖሪያ ወረቀቷ ገና ስላላለቀላት ደግሞ ጥላዋንም ትፈራለች።

ከዚያ ይሄ ዜና መጣ። ዘይኑ ግማሹን ገባት፣ ግማሹን ፍርሃቷ ሞላላት። ነገ ስልኬ ተከፍቶ እጠየቃለሁ ብላ ያላትን ሁሉ አጠፋች። መጠባበቂያ ባክአፑን፣ የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ሳይቀር ጠራርጋ። አጥፍታ ስትጨርስ ነው የአባባም ዱዓ እዚያው እንደነበረ ትዝ ያላት።

«አባባን አጠፋሁት» ብላ ደወለችልኝ።

«ምን ነበር ያለኝ?» አልኳት። ሌላ የምጠይቃት ነገር አልመጣልኝም።

«እያለቀስኩ ነው የሰማሁት... አሚን አሚን ስል ቃሉ አመለጠኝ። ደግሜ እሰማዋለሁ ስል... አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

ሳን ሆዜ ስልክ የሚጠግን አንድ አበሻ ጋ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁት። «ብሮ፣ ኖ ቻንስ፣ አይመለስም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለሁም። እንዳልጣላት እህቴ ናት፣ እሷም ልቧ ተሰብሯል። እንዳልተወው የአባት ዱዓ ነው። ወሎ ላደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አባባ ሌላ የሚያወርሰኝ ነገር አልነበረውም።

እና ትናንት... ፕሌዘንተን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ትራፊኩ ቀጥ አለ። አልቻልኩም።

«ይቅርታ... መንግሥታችሁ ግን የእውነት የሰው ስልክ ይሰማል?»

ቀና አለ። «ስታዳምጠን ነበር እንዴ?»

«መኪናዋ ትንሽ ናት ሰር።»

ሳቀ። «ሊሰማ ይችላል፣ እኔም የምከራከረው ለዚህ ነው። ምነው፣ የምትፈራው ነገር አለ?»

«አዎ። ያልሰሙ እንደሆነ ነው የምፈራው።»

ነገርኩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ መሪውን ጨብጬ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ከለንደን ወደ ኢትዮጵያ የተደወለ ነው» አልኩት። «እኛን የሚሰሙን ከሆነ ያንንም ሰምተውታል። ከሰሙት ቀድተውታል። የሚመለከተው ክፍል የት ነው? አልከስም፣ እፈርምላቸዋለሁ። እነሱ ያስቀሩት፣ ለእኔ አንድ ኮፒ ብቻ ይስጡኝ።»

የሚያባብለኝ መስሎኝ ነበር። ዝግ ብሎ፣ «ቢኖራቸውም አይነግሩህም» አለኝ። «ካምፓኒው እንኳን እንዲህ ተጠየቅሁ ብሎ መናገር በሕግ ይከለከላል።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚሰሙት?»

መኪናዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ እኔም ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ነዳሁ። ቢሮው በር ላይ ሲወርድ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ዞር ስል ስልኩን አውጥቶ «ማም...» ሲል ሰማሁት። ቀናሁበት። እውነቴን ነው፣ በጣም ቀናሁበት።

ዛሬ ጠዋት ለዘይኑ ስነግራት አለቀሰችና፣ «ወንድምዓለም፣ ዱዓው ተደርጎልሃል እኮ። አላህ ሰምቶታል» አለችኝ።

አላህማ ሰምቶታል። አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ስለዚህ ይሄን ፖስት በሥራ ምክንያት የምታነቡ የሰው ስልክ ጠላፊዎች ካላችሁ... ላይክ አልፈልግም፣ ድምፁን ብቻ ላኩልኝ።