በብሎን የታሰረ ድንኳን

ከወልድያ የወጣሁት ለሽርሽር አይደለም። የልጄን የአበራን አይሱዙ ላስመልስ ነው። አበራ መርሳ አቅራቢያ ከነመኪናው ተቃጥሎ ሞተ፤ የቀበረውም የሀገሬው ሰው ነው። ያኔ ጦርነቱ ቤት ዘግቶብን ነበርና ድንኳን ተክለን አላለቀስንለትም። መንገድ ሲከፈት ደግሞ፣ ግራና ላይ አንዲት ልጅ ከተቃጠለ መኪና ቅርጻ ቅርጽ ትሠራለች፣ የአበራንም ወስዳዋለች የሚል ወሬ መጣ። የልጄ ሞት መጫወቻ ሆነ ብዬ ደሜ ፈላ። ባለቤቴ ብርቄ፣ "ብረቱን እንኳ አምጣልኝ" አለችኝ።

እስከ መርሳ

ሚኒባሱ በእጥፍ አስከፍሎ ለሦስት በሚሆን ወንበር አራት አጨቀን። መንገድ ዳር የተቃጠለ ታንክ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል።

"ፋዘር፣ ጠጋ በሉ እንጂ! ምሽግ ያዙ እንዴ?" አለኝ ረዳቱ።

"አፍህን ያዝ!" አልኩት። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

መርሳ ላይ ፓፓያ በልቼ በባጃጅ ወደ ግራና ገባሁ።

ግራና

ገበያው ዳር ያየሁት ድንኳን ነው። ቆርቆሮው እንደ ሸራ ታጥፏል፤ እሳት የላሰው ጠቁሯል፣ ቀለም የተረፈው ሰማያዊ ነው። ምሰሶው የመኪና ሻንሲ ነው። ከሥሩ ሽማግሌዎችና ሽንኩርት ነጋዴዎች ተቀምጠው ያወጋሉ። ግንባሩ ላይ "ቀስ በል" የሚል ጽሑፍ አለ። የአበራ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩትም ይህንኑ ነው። እጄን ሰድጄ ፊደሎቹን ዳሰስኳቸው።

አንድ ባለቆብ ሽማግሌ ተነሱ፤ ከዚያ ሁሉም ተነሣ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚነሣው።

"ምኑ ነህ ወንድሜ?"

"አባቱ ነኝ። የሾፌሩ።"

"አላህ ያጥናህ። ና፣ ቦታህ ይኸው" ብለው የመሀሉን ወንበር ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም።

ሠሪዋ መጣች። ዘይነባ ትባላለች፤ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች የግራና ልጅ ናት። እጇ ግራሶ ብቻ ነው።

"ልወስደው ነው የመጣሁ" አልኳት።

"እሺ አባባ።" መፍቻ አቀበለችኝ። "ብየዳ የለውም። ባለቤቱ ይመጣል ብዬ ሁሉንም በብሎን ነው ያሰርኩት።"

መፍቻውን ተቀበልኳት። "ሐውልት አይደል የምትሠሪው? ሰው ለምን አልቀረጽሽም?"

"ሼሆቹ ምስል አይወዱም። ደሞ ያን ሰሞን ስንቱ ያለ ድንኳን ተቀበረ። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚህ መጥቶ ይቀመጥ ብዬ ነው።"

አንዱን ብሎን አንድ ዙር ፈታሁት። ቆርቆሮው በነፋስ ተንቀጫቀጨ።

"ስሙ ማን ነበር?" አሉ ሽማግሌው።

"አበራ።"

"አበራን አላህ ይዘንለት።" የተሰበሰበው ሁሉ ስሙን እየጠራ ተቀበላቸው። የልጄን ስም በለቀስተኛ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁት። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።

"ወዲያ ማዶ ያለውም ብሎን ላልቷል፣ ሲጨርሱ ያጥብቁልኝ" አለች ዘይነባ።

"ላንቺ ነው የምሠራው?"

"እህ! ለማን ነው ታዲያ?"

አጠበቅሁት።

ቤቴ

ጥበብ የሥራ ፈት ነገር ይመስለኝ ነበር። ሐውልት ብዙ አይቻለሁ፤ ሁሉም ቀና ብለህ እየኝ ይላል። ይኼኛው ቁጭ በል አለኝ።

ብርቄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"የታለ?"

"ድንኳን ሆኗል፤ ሰው ተቀምጦበታል።"

"እኔስ መቀመጫ አገኛለሁ?"

"አጠገቤ" አልኳት።