ዝምታ የማይችል ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚዘጋው ስንት ቦታ ነው ብትሉኝ፣ አምስት ቦታ እላችኋለሁ። ቆጥሬዋለሁ። አንዱ በስክሪኑ ጥግ ነው፤ አንዱ ፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቋል፤ አንዱ ኪቦርዱ ላይ ሳላውቅ የምነካው ቁልፍ ነው፤ አንዱ ስፒከሩ ላይ ነው፤ አምስተኛው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ የተንጠለጠለች ሚጢጢ ነገር ናት። አራቱ ተከፍተው አንዱ ከተዘጋ ድምፅ የለም፤ የቱ እንደተዘጋ ግን የሚነግር የለም። ዝም እንዲል ስፈልግ ደግሞ ሳይጠሩት ይጮኻል። ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። አንድ ቀን የአርባ መጥሪያ ሊያጽፉ የመጡ ሐዘንተኞች ፊት የሆነ ማስታወቂያ ራሱን ከፍቶ ጭፈራውን ሲያቀልጠው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይህን ሁሉ የሠራው ሰው፣ ሰው ፊት አፍሮ አያውቅም መሰለኝ። ቢሆንም እየተነጫነጭኩ ለምጄው ነበር። በእውነት ያቃጠለኝ አባቴ ሱቄ የመጡ ዕለት ነው።

ታናሽ እህቴ ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ፣ አባታችን «በእግዚአብሔር ስም ገዝቼሻለሁ፣ እንዳትሄጂ» ብለዋት ነበር። ሄደች። እኛ ዘንድ ግዝት የጣሰ ሰው የሚደርስበትን ክፉ ሁሉ ከግዝቱ ይቆጥራል፤ እህቴም ጣቷን ቢላ ሲቆርጣት እንኳ «የአባባ ግዝት ነው» ትላለች። ዘንድሮ ሆዷ ውስጥ ዕጢ ተገኘና ሐኪሞቹ በቶሎ መውጣት አለበት አሏት። ለቀዶ ሕክምናው የቀራት መፈረም ብቻ ነበር። አልፈርምም አለች። «ግዝቱ ሳይፈታልኝ ቢላ ሥር ከገባሁ አልወጣም» አለችኝ። ይፈቱልሻል ብላት አታምነኝም፤ ለማጽናናት የምዋሻት ይመስላታል። በገዛ አንደበታቸው ካልሰማሁ ብላ ድርቅ አለች።

አባታችን ጋፋት አካባቢ ያርሳሉ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ስልክ ሲሰጧቸው «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ይመልሱታል። የእኔ ስልክ ማይክሮፎኑ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የጎረቤት ስልክ ላይ ደግሞ የቤተሰብ ገመና አይቀመጥም። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ልቀዳቸው አሰብኩና ጠየቅኳቸው። ብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን አይተው «እሽ» አሉ። ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ወደ እኔ ጎራ አሉ።

አባት ለአንዱ ልጁ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ሌላው ልጅ ቆሞ አያዳምጥም። ማይክሮፎኑን ፊታቸው አስቀመጥኩ፤ ቀዩን ክብ ተጫንኩ፤ «አባባ፣ እሷ ፊትዎ እንዳለች አድርገው ይናገሩ» ብዬ ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት። ደጅ ላይ አንዲት ሴትዮ መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ ቆማለች፤ ትንሽ ታገሽኝ አልኳት። አባቴ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«በቃ፣ ብያለሁ» አሉ።

ገብቼ ብከፍተው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። «ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ደህና ነሽ ወይ?» ይላል። ከዚያ ዝም። ሌላ የለም።

ፕሮግራሙ ብልጥ ነው አሉ። የሚናገረው ሰው ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ ጨርሷል ብሎ ራሱን ይዘጋል። ይህን የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ግን በግራጫ ላይ በግራጫ፣ የጤፍ ፍሬ በምታህል ፊደል፣ ታች ጥግ ላይ። ቀዩ ክብ ደግሞ እየቀዳም ያው ቀይ ነው፣ ተዘግቶም ያው ቀይ ነው። ይባስ ብሎ በእንግሊዝኛ «ማይክሮፎንዎን ይፈትሹ» ይለኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው! አባቴ እንዳደጉበት ሰላም ብለው መልሷን ጠበቁ። ፊትዎ እንዳለች ያልኳቸው እኔው ነኝ። እኛ አገር ደህንነት ጠይቆ መልስ ሳይሰማ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ያላሳደጉት ይባላል። ዋናውን ነገር ሁሉ የተናገሩት ለተዘጋ ዕቃ ነው።

«አባባ፣ አልተቀዳም» አልኳቸው ጆሯቸው ሥር።

«ምን?»

«መልሷን ሲጠብቁ ተዘጋ። ዝም ሲሉ ይዘጋል።»

ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እግዜር ይመስገን እንኳ አይልም?»

«አይልም።»

«ያልተቀጣ!» አሉና ምርኩዛቸውን አነሱ። «እንግዲህ እኔ ተናግሬያለሁ። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ነው፤ ሁለቴ አይወጣም።»

ነገ እሑድ ነው፤ እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነው፤ እህቴ ጠዋት ካልፈረመች ተራዋ ያልፋል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚመጣ ሐኪሞቹም አያውቁም። በሩ ላይ ቆምኩባቸው። ከተወለድኩ የአባቴን መንገድ ዘግቼ አላውቅም።

«አባባ፣ ከሞተች በኋላ አንዴም ሁለቴም የለም» አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ምርኩዛቸውን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ተቀመጡ።

«እንግዲያው አንቺ መልሽልኝ» አሉ።

ቀዩን ክብ እንደገና ተጫንኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እንዴት ከረምሽ?» ሲሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ከረሙ?» አልኩ። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁ፣ ስለ አሠሪዎቿ ጠየቁ፤ ለሁሉም በእህቴ ፈንታ መለስኩ። ላሚቱ መውለዷን፣ ገብሱ ለአጨዳ መድረሱን ነገሯት። ዓይኔን ከሚሮጡት ሰከንዶች ላይ አላነሳሁም።

ከዚያ ዝም አሉ። ይህኛው መልስ የሚጠብቅ ዝምታ አልነበረም። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ምን ልበል? እዚህ መሐል ቃል ማስገባት ነውር ነው። በጣቴ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረግኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ሳላቋርጥ። ማይክሮፎኑ ሰማኝ መሰል፣ ሰከንዶቹ መሮጣቸውን ቀጠሉ።

«ያን ግዝት» አሉ በመጨረሻ፣ «በሄድሽ በሳምንቱ ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ፈትቼዋለሁ። ቀኖናውንም እኔው ጾሜዋለሁ። ሳልነግርሽ የቀረሁት ኮርቼ ነው። ምንም የለብሽም፣ ልጄ። ግቢና ታከሚ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«አሜን» አልኩ።

ስድስት ዓመት! የሌለ ግዝት ተሸክማ ስድስት ዓመት። ተናደድኩባቸው፤ አዘንኩላቸውም። አባት አይቆጡትምና አለቀስኩ።

ፕሮግራሙ ግን ገና አልለቀቀኝም። ሲጨርስ ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን አመጣ፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ አንዱ ይጥላል፤ መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ከፈሰሰ ግን የሚለቀም አይደለም። ሦስቴ አንብቤ፣ በስመ አብ ብዬ ግራውን ተጫንኩ። ተቀመጠ። አምስቱንም ቦታ ፈትሼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥኩት። ሁሉም አለ። ላክሁላት።

መልሷ እስኪመጣ አባቴ ከወንበሩ አልተነሱም። «ፈረምኩ» የሚል አንድ ቃል መጣ። ጆሯቸው ላይ ጮኼ አነበብኩላቸው። ደጅ የቆመችው ሴትዮም ሰምታ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ባታውቅም «እሰይ!» አለች። ያን ያህል ስትጠብቅ አንዴም አላጉረመረመችም። መታወቂያዋን እየሳቅሁ ኮፒ አደረግኩላት።

ሰኞ ከሰዓት እህቴ ራሷ «ወጣሁ፣ ደህና ነኝ» ብላ ጻፈች። ሱቁን ዘግቼ በእግሬ ወደ ጋፋት ገሰገስኩ። አባቴ ገብስ እያጨዱ ነበር። ከማሳው ዳር ብጣራ አልሰሙኝም፤ ነዶውን እየዘለልኩ አጠገባቸው ደረስኩና «አባባ፣ ወጥታለች፤ ደህና ናት» አልኳቸው። ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ። እዚያው የታጨደው ላይ ቁጭ አሉ። ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልወጣ አላቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪወጣላቸው ጠበቅኩ።